መደቡን በብሔረሰብ አትከፋፍሉት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ካፌ ስንበላ፣ ላይብረሪ ስንቀመጥ፣ ማታ ዶርም ደጃፍ ስንጫወት ሁሉም ከየሀገሩ ልጅ ጋር ነው። ጠብ የለም፤ ጓደኝነትም ግን የለም። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ፈቃድ ጠየቅንና ከዶርማችን ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለጓሮ አትክልት ተቀበልን። በመጀመሪያው ቀን ሃያ የምንሆን ወጣን። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተከልን። ደስ ይል ነበር። ከዚያ ግን እዚያም ያው ሆነ። የአንድ አካባቢ ልጆች አንድ መደብ ላይ ሰብሰብ ብለው በቋንቋቸው እያወሩ ይሠራሉ። እኔም ሳላስበው ከአማርኛ ተናጋሪዎቹ ጋር ነኝ። ከአሶሳ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ከቤቷ የባሚያ ዘር ይዛ መጥታ ነበር። አንዱ ልጅ ‹ይሄን ንፍጥ ነገር ነው የምትበሉት?› ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አልመጣችም። አሁን ሰባት ስምንት ብንሆን ነው። ኅዳር 29 እየደረሰ ስለሆነ አንዳንዶች ‹ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ አንድ መደብ እንስጥ፤ ሁሉም የየራሱን ይትከል› ይላሉ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ግራ የገባት፣ ከጅማ።»

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትተዪው፤ ቀጥዪ። መደቡን ግን በብሔረሰብ አትከፋፍሉት።

ሐሳቡን ያመጡት ልጆች ክፋት አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። ለፎቶም ያምራል። ኅዳር 29 ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ ሲከበርም ሁሉም የየራሱን ልብስ፣ ጭፈራና ምግብ ይዞ አደባባይ ይወጣል። ለአንድ ቀን ጥሩ ነው። ጓሮው ግን የወራት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን መደብ ስትሰጡት የካፌውን አቀማመጥ እንዳለ ወደ ጓሮ አመጣችሁት ማለት ነው፤ ያውም በካስማና በሲባጎ አጥራችሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን አሁኑኑ ልንገርሽ። የእነ እገሌ ጎመን አማረ፣ የእነ እገሌ ጠወለገ ይባላል። የጎረቤት መደብ ውሃ ሲያጣ «የራሳቸው ጉዳይ» ይባላል። «ጠብ የለም» ብለሽኛል። ጠብ ከፈለጋችሁ መንገዱ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ 22 ወንዶች ልጆችን አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ወዳለ ካምፕ ወሰደ። ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ነበር። በሁለት ቡድን ከፍሎ ለየብቻ አሰፈራቸው፤ ቆየት ብሎ በጨዋታ አወዳደራቸው። ወዲያው ተጣሉ። አንዱ ቡድን የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። ሌላው የእነዚያን ማደሪያ ገብቶ አተረማመሰ። ከዚያ ሊያቀራርባቸው ሞከረ። አብረው ፊልም እንዲያዩ፣ አብረው እንዲበሉ አደረገ። ልጆቹ ምግቡን ተወራወሩበት። (ማይክ ተይዞ «ስሜ እገሌ፣ የመጣሁት ከእንትን» የሚባልበት የትውውቅ ምሽትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ምግብ አይወራወሩም እንጂ ሁሉም ከየሀገሩ ልጅ ጋር መጥቶ ከየሀገሩ ልጅ ጋር ይመለሳል።)

ኋላ ግን የካምፑ ውሃ ጠፋ። ያጠፉት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። ሁለቱም ቡድን ውሃ ጠማቸው፤ መስመሩን ተከትለው ሄደው የታንከሩ ቧንቧ በጆንያ ቁራጭ ተወትፎ አገኙት። ጠላትም ወዳጅም ተረዳድቶ ከፈተው። በዚያ ቀን ታረቁ እንዳልልሽ፣ አልታረቁም። ስድቡ ቀጠለ። ጠባቸው የረገበው ሁለቱም የሚፈልጉት፣ አንዱ ያለሌላው የማይወጣው ሥራ በላይ በላዩ ሲደጋገም ነው። ሙከራው ብዙ ይተቻል። እኔም ብሆን ልጄን እንዲህ ላለ ካምፕ አልሰጥም። የውሃው ነገር ግን ለአንቺ ጓሮ በቀጥታ ይሠራል።

ለምን በይኝ። አሁን ኅዳር ነው። ጅማ ዝናብ የማይነጥፍባት ከተማ ናት ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ እስከ የካቲት ድረስ ግን ጎመንሽ የሰማዩን ደጅ ቢጠና አይሆንለትም። 10 ካሬ ሜትር የሚሆን መደብ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጀሪካን ይፈልጋል፤ ያውም ቶሎ ቶሎ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ለሁለት ከያዙት ይቀላል፤ ለሁለት ሲይዙት ደግሞ እርምጃ ማስተካከል ግድ ነው። አንዷ ስትፈጥን የሌላዋ እግር ይረጥባል፣ ሳቅ ይመጣል፣ ጭቅጭቅም ይመጣል። ከቧንቧው እስከ መደቡ እጅ ለመቀያየር ሁለቴ ይቆማል። ወሬ የሚጀመረው እዚያ ነው። «እናንተ አካባቢ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ከሚል ጥያቄ ስንት ነገር እንደሚወጣ አትጠይቂኝ።

ስለዚህ የውሃ ተራ አውጡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ። ጥንዶቹን ማንም አይምረጥ፤ ዕጣ ይውጣ። ዕቁብ የሚጥል ሀገር ስለሆንን ዕጣ ያወጣውን ማንም አይከራከርም። አንቺ ቁጭ ብለሽ «ይቺን ከዚህ ጋር» እያልሽ ብትደለድዪ ግን «ለምን እኔን ከእነሱ ጋር?» የሚል አይጠፋም። በየሁለት ሳምንቱ ዕጣው እንደገና ይውጣ። መደቦቹ ሁሉ የሁሉም ይሁኑ። የዛሬ ተረኞች ሁሉንም ያጠጣሉ።

ይህ ለእናንተ ግቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚሠሩበት ሲቢቲፒ የሚባለው ሥልጠና ላይ ወጥተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ቡድኑን የሚያወጣው ዝርዝር ነው፤ ከማን ጋር እንደምትደርሺ አታውቂም። በጭቃ ቤት ለቤት ስትዞሩ ግን መጠይቁን የሚሞላው፣ ኦሮምኛ የሚችለው፣ ውሻ የማይፈራው ሁሉም ይፈለጋል። ከዚያ የተመለሱ ልጆች ካፌ ላይ ሰላም ሲባባሉ አይተሽ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የባሚያዋ ልጅ።

ዘር ከቤት ይዞ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከአሶሳ ጅማ ድረስ በሻንጣ ጥግ አድርጋ፣ ምናልባት እናቷ በላስቲክ ቋጥራ የሰጠቻት ነው። ያንን አውጥታ ለማታውቃቸው ልጆች «ይሄንንም እንትከል» ስትል ቤቷን ነው ያሳየቻችሁ። እናንተ ደግሞ ሳቃችሁ። የልጁ ቀልድ ተራ ቀልድ ይሆናል፤ አዲስ ነገር ሲያይ አፉ የሚቀድመው ብዙ ነው። የቀረችው ግን ከሱ ቀልድ ይልቅ ከሁላችሁ ሳቅ የተነሳ ይመስለኛል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ስብሰባ ጠርተሽ ይቅርታ አታስጠይቂ። ሃያ ሰው ፊት ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይሸማቀቃል። ብቻሽን ሂጂ። ዶርሟ ሂጂና «የዚያን ቀን እኔም ስቄያለሁ፣ ጥሩ አላደረግኩም» በያት። በዚህ ይብቃ። «አንቺም እኮ ነገር ታከብጃለሽ»፣ «ቀልድ እኮ ነው» የሚባለው አይጨመር። ልጁንም ለብቻው አነጋግሪው፤ ራሱ ሄዶ ይንገራት። እምቢ ካለ አታስገድጂው፤ የግድ ይቅርታ ሲባል ደስ አይልም፣ ሲሰማም ያስታውቃል።

ከይቅርታው ቀጥሎ ያለው ነው ቁም ነገሩ። ሥራ ይዘሽላት ሂጂ። ባሚያ ብርድ አይወድም። የጅማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይስማማውም። የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ሙቀቱ መለስ ሲል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ፣ በተለይ ግድግዳ ተጠግቶ ቢዘራ ይሻለዋል። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢያድር ቶሎ ይበቅላል። ይህንን እኔ የማውቀው ነው። እሷ ደግሞ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። በስንት ቀኑ ይለቀማል? ምን ያህል ሲረዝም ይጠነክራል? እንዴት ነው የሚሠራው፣ ከምን ጋር ይበላል? ሄደሽ ጠይቂያት። ሰው አዝኖብሽ ሲርቅ ከማባበል ይልቅ ዕውቀቱን መፈለግ ይመልሰዋል። ካልመጣችም መብቷ ነው። ዘሩን ግን ያለ እሷ ፈቃድ አትዝሩት።

ስለ ዕውቀት ካነሳን፣ ሌላም የምትጠነቀቂው ነገር አለ። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል ሌላ ምሁርም በዚያው በ1954 ሰዎች ተገናኝተው እንዲቀራረቡ በቅድሚያ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል መሆን አለባቸው ብሎ ጽፏል። ጓሮ ላይ ይህ በቀላሉ ይበላሻል። የእርሻ ተማሪዎች ካሏችሁ «እኛ የተማርነው ነው» ብለው አለቃ ይሆናሉ። ወይም ፈቃዱን ያወጣችሁት ሦስታችሁ ባለቤት ትሆናላችሁ። የየሳምንቱን ሥራ የሚመራው ሰው ይቀያየር። ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ የገጠር ልጅ ዶማ ሲይዝ ሌላ ሰው እንደሚሆን ታያለሽ። የከተማው ልጅ አረሙን ትቶ ካሮቱን ሲነቅል «ኧረ ተው!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። አንድ ሰው ሲያስተምር ካላየሽው አላወቅሽውም።

የቋንቋውን ነገር ሳልሸሽ ልንገርሽ። «እዚህ አማርኛ ብቻ» የሚል ሕግ እንዳታወጪ። ሁለት ልጆች በቋንቋቸው ቢያወሩ አንቺን ማማታቸው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ፣ ወዳጅነቱ በአማርኛ ሲሆንባቸው ይውላል። ግቢ ከገባሽ ጀምሮ ሁሉም ወደ አንቺ ቋንቋ ሲመጣ ነው የኖረው። አንቺ ወደ ማን ሄደሻል? ያለሽው ጅማ ነው። ሦስተኛ ዓመት ደርሰሽ በኦሮምኛ ውሃና ጎመን ማለት ካልቻልሽ፣ ጓሮው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። «ቢሻን» እና «ራፉ» ብለሽ ጀምሪ። ተሳስተሽ ይሳቅብሽ። ያኛው ሳቅ ግን እንደ ባሚያው ሳቅ አይጎዳም፤ አስተማሪዋ ደስ ብሏት የምትስቀው ነው።

ቀኑንም አስቡበት። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ። ቅዳሜ ለአድቬንቲስት ልጅ አይሆንም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ብዙ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት እንገናኝ» ተብሎ ሲለጠፍ አንዳንዱ ልጅ ሳይጠየቅ ቀርቷል ማለት ነው፤ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ሐሙስ 11 ሰዓትና እሑድ 10 ሰዓት ለብዙዎቻችሁ የሚመች ይመስለኛል። እናንተ ተነጋገሩበት።

ሁለት ቀን ማለቴ በምክንያት ነው። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ፣ ለልብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። አንቺ አስቢው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ብትሠሩ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 32 ሰዓት ነው። አይሞላም። ሁለት ቀን ካደረጋችሁት 64 ይሆናል። የውሃው ተራ ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የተበተነ ሰው ጓደኛ ሳያፈራ ቢቀር ምን ይገርማል?

በዚህ ስሌት ሰባት ስምንት መሆናችሁ ያን ያህል አያስጨንቅም። እንዲያውም ለትውውቅ ይመቻል። ቴሌግራም ላይ «ውድ አባላት» እያልሽ ማስታወቂያ መለጠፉን ተዪው። የቀሩትን አንድ በአንድ ስትገናኙ «ሰላጣው ደርሷል፣ መጥተህ ውሰድ» በያቸው።

የሚበላው ነገር ላይ ደረስኩ፤ እኔ ብዙ የምጠብቀው ከዚህ ነው። እዚህ ሀገር አብሮ መብላት ወዳጅነትን ያጸናል፤ ያው አብሮ መብላት ደግሞ ይለያየናል። የሙስሊሙን ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላም፣ የክርስቲያኑን ሙስሊሙ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ፤ የማይጾም አለ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የኦርቶዶክስ ልጆች ከወተትና ከቅቤ ይርቃሉ። ግብዣ ሲታሰብ ሁልጊዜ አንዱ «እኔ ይቅርብኝ» የሚለው ለዚህ ነው። የጓሮሽ ምርት ግን ማንንም አያገልም። በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ቆስጣ በድንች፣ ሰላጣ በሎሚና በቃሪያ ለሁሉም ይሆናል። በጅማ ይህን የመሰለ ገበታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማዕዱን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ማዞር ነው።

ዶርም ውስጥ ምድጃ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ሰላጣ እሳት አይፈልግም፤ ከእሱ ጀምሩ። ጎመኑን ደግሞ በር አካባቢ ቡና ለምታፈላ እናት ወስዳችሁ፣ የዘይትና የከሰሏን ከፍላችሁ አሠሩ። እሷም አንድ ሁለት የጓሮ ምክር ሳትሰጣችሁ አትቀርም። ብቻ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል በቦይ ውሃ አታጠጡ። ከቧንቧ አጠጡ፣ በንጹሕ ውሃም ደጋግማችሁ እጠቡ። የወዳጅነት ገበታ በተቅማጥ ቢያልቅ ደስ አይልም።

ስለ ተክሉ ብዙ አልልም፤ ጅማ ላይ ሆነሽ ከእኔ የተሻለ መካሪ አታጪም። የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሳይኖር የነበረ ማለት ነው። ችግኝና ምክር ከዚያ ጠይቁ። አፈሩ ቀይና አሲዳማ ሊሆን ስለሚችል የእንጨት አመድና ብስባሽ ይጠቅመዋል። የቡና ገለፈት በጅማ ሞልቷል፤ ግን በደንብ ሳይበሰብስ መደብ ላይ እንዳትደፉት። በሴሚስተር ውስጥ የሚደርስ ነገር አብዙ። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። ቆስጣ ከውጭ ከውጭ እየተቀነጠበ ይቆያል። ካሮት ሦስት ወር ይፈልጋል። አንዱ ልጅ «እንሰት እንትከል» ቢል አትከልክዪው፤ እኛ ተመርቀን እስክንወጣ አይደርስም ብለሽ ብቻ ንገሪው። አንድ ጥግ ይስጠውና ይትከል።

የቀረኝ የእረፍት ጊዜው ነው። ብዙ የግቢ ጓሮ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ፋይናል ሲመጣ ውሃ የሚያጠጣ ይጠፋል፤ ከፈተና በኋላ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከአሁኑ ተነጋገሩ። የጅማና የአካባቢዋ ልጆች ካሏችሁ ቅርብ ስለሆኑ ተራውን መያዝ ይችላሉ፤ ግን ሸክሙ ሁሉ እነሱ ላይ እንዳይወድቅ የሚሄዱት ከመሄዳቸው በፊት አረሙን ነቅለው፣ ደረቅ ሣር አልብሰው ይሂዱ። የደረሰውን ለቅማችሁ ጨርሱ። ለግቢው ጥበቃዎችም ከቆስጣው የሚደርሳቸውን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ፍየል ብትገባ የሚያባርሯት እነሱ ናቸው።